ስሙ ላልተጠራው ልጅ እህት

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አንባቢያችን ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካልናለች። አሳጥረን እነሆ፦

«የ15 ዓመት ወንድም አለኝ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ኳስ ነው ሕይወቱ። ግራ እግር ነው፤ ፈጣን ነው፤ ግን ቀጫጫና አጭር ነው። ዘንድሮ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ለመግባት ሦስት ቀን ሙከራ አደረገ። መጨረሻ ላይ ስም ሲጠራ የእሱ የለም። የአሰልጣኙ የእህት ልጅ ግን አለ። ሌላም አንድ አለ፤ 20 ዓመት እንዳለፈው ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ወንድሜን ‹ገና ነህ፣ ሰውነት አውጣ› ብለው ሸኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ታኬታውን አልነካም። ትምህርቱም እያስጠላው ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው አጎታችን ይህን ሲሰማ ‹ዓለም እንዲህ ነው፤ እዚህም ራግቢ የሚሉትን ጨዋታ በቀለም ነው የሚመርጡት። ሰው ያለው ይገባል። ብር ልላክና ሰውየውን አናግሩት። ዕድሜውንም ሁለት ዓመት ቀንሳችሁ ከ15 ዓመት በታች ሞክሩ› አለን። እናቴ ተስማምታለች። የእኔ ልብ ግን እሺ አላለኝም። ሌላ መንገድም አይታየኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ልብሽ እሺ ባይልሽ እውነቱን ነው። ብሩን አትስጡ። ዕድሜውንም አትንኩ። ይህን ከሁሉ በፊት የምልሽ እናትሽ ከአጠገብሽ ሆነው እንደሚሰሙ ስለምገምት ነው። ምክንያቱን ደግሞ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ልጁ። ታኬታውን ያልነካ የ15 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ «አልረባም»። ይህ ሐሳብ ሥር ሳይሰድ ሜዳ ይመለስ። ሙከራና ምርጫ ለጊዜው ይቅር፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ይጫወት። ዛሬ ማታ ስለ አሰልጣኙ ክፋት አታውሩለት። ቂም ለልጅ ከባድ ዕቃ ነው። ነገ ከሰዓት ብቻ «ሜዳ እንሂድ፣ እኔም ላይህ» በዪው።

አሁን ወደ ጥያቄው። አድልዎ ነበር ወይ? ሊኖር ይችላል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚባለው በከንቱ አይደለም። የ20 ዓመት ሰው ከ17 በታች ቡድን ውስጥ ከገባማ ጉዳዩ ከአድልዎም ያልፋል፤ ማጭበርበር ነው። የእህቱን ልጅ ጉዳይ ግን ረጋ ብለሽ እንድታይው እፈልጋለሁ። አሰልጣኙ ለዘመዱ ዓይኑ እንደሚያዳላ ሁሉ የአንቺም ዓይን ለወንድምሽ ዘመድ ነው።

እስቲ ሁለቱም ልጆች ሲጫወቱ 20 ደቂቃ ቆመሽ እያቸው። ጎሉን ተይው። ኳስ ሳይደርሰው በፊት ትከሻውን ዞር አድርጎ ከኋላው ማን እንዳለ የሚያየው የትኛው ነው? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚቆመው፣ ተሯሩጦ ለማስመለስ የሚሞክረውስ? በደካማ እግሩ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? የእህቱ ልጅ እውነትም የተሻለ ከሆነ ወንድምሽ የሚማርበትን ነገር አገኘሽ። ካልሆነም ነገ አሰልጣኙ ፊት ስትቆሚ የምትናገሪው ነገር በእጅሽ አለ።

አጎትሽ ራግቢን ስላነሱ እኔም ከዚያው ላምጣ። ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ እየተጋፉ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። በዋናው ዓይነት አንድ ቡድን 15 ሰው ያሰልፋል። እንግሊዛዊው ኦወን ፋረል እ.ኤ.አ. በ2012 ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ አባቱ አንዲ ፋረል ከቡድኑ አሰልጣኞች አንዱ ነበር። «በአባቱ ገባ» ለማለት የሚመች ነገር ነው። ነገር ግን ዋናው አሰልጣኝ ስቱዋርት ላንካስተር የሚባል ሌላ ሰው ነበር። ልጁም በ2023 በእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ከማንም በላይ ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች ሆነ። ዝምድና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው ለዘመዱ የሚወስነው ሰው ያው ዘመዱ ብቻ ሲሆን፣ በምን እንደመረጠም ለማንም ሳይናገር ሲቀር ነው። እናንተ ጋ የጎደለው ይህ ይመስለኛል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን የቆረቆረኝ ግን «ገና ነህ፣ ሰውነት አውጣ» የምትለዋ ናት። የእህቱን ልጅ ነገር ትተሽ እዚህ ላይ ጆሮ ስጪኝ።

ወንድምሽ የተወለደው ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደሆነ ጽፈሻል። በዓለም አቀፍ የወጣት እግር ኳስ ውድድሮች ዕድሜ የሚቆረጠው በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ። ስለዚህ በእኛ ጥር የተወለደ ልጅ በምድቡ ውስጥ ታላቅ ነው። ኅዳር የተወለደው ደግሞ ከታናናሾቹ አንዱ። በእኛ አቆጣጠር የተወለዱበት ዓመት እንኳ ይለያያል፤ በፈረንጆቹ ግን አንድ ላይ ይመደባሉ። በመካከላቸው አሥር ወር የሚያህል ልዩነት አለ። በ15 ዓመት አሥር ወር ቀላል አይደለም። አንዱ ጢም አቀምቅሟል፣ ሌላው ድምፁ ገና አልጎረነነም።

ይህ ደሴ ላይ የተፈጠረ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ በበረዶ ሆኪ ላይ ተመራማሪዎች አይተውታል። ከዚያም በእግር ኳስና በራግቢ ማሰልጠኛዎች ተደጋግሞ ታይቷል፦ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱ ልጆች በብዛት ይመረጣሉ፤ መጨረሻ ላይ የተወለዱት በብዛት ይቀራሉ። መራጮቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ትልቅ ልጅ ዛሬ ያሸንፍልሃል። አሰልጣኙ ደግሞ የሚመዘነው በዛሬው ውጤት ነው። ከዚያ የተመረጠው ልጅ የተሻለ ልምምድ ያገኛል፣ ብዙ ይጫወታል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እውነትም የተሻለ ይሆናል። የቀረው ልጅ ሰውነት ሲያወጣ የሚያየው ሰው የለም።

ራግቢ ላይ ይህ ነገር ይብሳል፤ ጨዋታው ግፊያ ስለሆነ ግዙፍ ልጅ ትንሹን ይረመርመዋል። ለዚህም ኒውዚላንድ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ልጆችን በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በክብደትም ይመድቧቸዋል። እንግሊዝ አገር ያሉ አንዳንድ የእግር ኳስ ማሰልጠኛዎችም ልጆችን በሰውነት ዕድገታቸው መድበው ማጫወት ሞክረዋል። የሚገርመው ግን ሌላው ነው። በራግቢ ማሰልጠኛዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ታናሽ ሆነው እንደምንም የገቡት ልጆች በኋላ ወደ ላይኛው ደረጃ በመድረስ ከታላላቆቹ ሲበልጡ ታይቷል። በጉልበት መብለጥ ስላልቻሉ በዓይንና በእግር መብለጥን ተምረዋል። ወንድምሽ ቀጫጫ ሆኖ ፈጣን የሆነውና ኳስ የማይነጠቀው ለምን ይመስልሻል?

ስለዚህ «ገና ነህ» ያሉት ውሸት አይደለም። ገና ነው። ስህተቱ ገና የሆነን ልጅ «ከእኛ ጋር ሁን፣ እናሳድግህ» በማለት ፈንታ በሩን ዘግተው መሸኘታቸው ነው። አሰልጣኙ ይህንን ካነበቡ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ከ20 ልጅ መካከል ሁለት ቦታ ለትንንሾቹ መተው የሚያጎድለው ነገር የለም።

አጎትሽ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያዩት እውነት አለው። ግን ግማሹን ነው ያዩት። በዚያ አገር ጥቁር ተጫዋች የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ የለበሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ ኤሮል ቶቢያስ ይባላል። ማንዴላ የራግቢ ዓለም ዋንጫውን ባስረከቡበት በ1995 ቡድን ውስጥ ነጭ ያልሆነው ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። በ2007 ሁለተኛውን ዋንጫ ሲያነሱም በፍጻሜው ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ነጭ ያልሆኑት ሁለት ነበሩ። ከዚያ ፌዴሬሽኑ ለ2019 የቡድኑ ግማሽ ነጭ ያልሆነ ይሁን የሚል ግብ አስቀመጠ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላባራም። ይህ ኮታ የሚያስቀይማቸው አሉ፤ ያለ ኮታ በሩ አይከፈትም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። መቶ ዓመት ገደማ በዘር የተዘጋ በር በመልካም ምኞት ብቻ አይከፈትም።

ነገር ግን የዚያን ቡድን አምበል ታሪክ ለእናትሽ ንገሪልኝ። ሲያ ኮሊሲ ይባላል። ዝዊዴ በምትባል የድሆች መንደር ውስጥ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። ለመጀመሪያው የክፍለ ሀገር ምርጫ ሲቀርብ ቁምጣ ስላልነበረው በውስጥ ሱሪ ተጫወተ። በ12 ዓመቱ በአንድ የልጆች ውድድር ላይ ሲጫወት አዩትና በራግቢ የታወቀ ትምህርት ቤት ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጠው። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ብዙዎቹ የሚወጡት ከእንዲህ ዓይነት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነው። ምግብ አገኘ፣ ሜዳ አገኘ፣ አሰልጣኝ አገኘ። በ2018 የብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጥቁር አምበል ሆነ። በ2019 እንግሊዝን 32 ለ 12 አሸንፈው ዋንጫውን አነሳ፤ በ2023ም ደገመው። ኮሊሲን ያወጣው ያ ትምህርት ቤት ነው። አብረውት ዝዊዴ ውስጥ ሲጫወቱ የነበሩ፣ ያ ዕድል ያልደረሳቸው ልጆችስ? ስማቸው ከምንም ዝርዝር ላይ አልተሰረዘም። መጀመሪያውኑ የሚጽፈው ሰው አላያቸውም። አድልዎ ከሁሉ የሚከፋው እዚያ ላይ ነው፤ ስም ከሚጠራበት ቀን ብዙ ዓመት በፊት።

እዚያው 2019 ፍጻሜ ላይ የተጫወተ ማካዞሌ ማፒምፒ የሚባልም አለ። የገጠር ልጅ ነው። በራግቢ ስሙ የተጠራ ትምህርት ቤት አልተማረም። ለብሔራዊ ቡድን መጀመሪያ ሲሰለፍ ዕድሜው 27 ነበር። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ላይ ኳሱን ከባላጋራ መስመር ጀርባ አሳርፋ ነጥብ ስታገኝ የመጀመሪያው እሱ ነው። በ15 ዓመቱ «ገና ነህ» የተባለ ልጅ ያለቀለት እንዳይመስለው ይህንን ይስማ።

አሁን ስለ ብሩ። ብሩ የሚገዛላችሁ ማልያውን ነው። የመሰለፍ ደቂቃ አይገዛም። ነገ ሌላ አጎት የበለጠ ሲልክ ወንድምሽ ይወጣል። ደግሞ ደሴ ላይ ወሬ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እስኪደርስ አያመሽም። የቡድን ጓደኞቹ ባወቁ ቀን ጥሩ ኳስ ቢያቀብል እንኳ «የገንዘብ ልጅ» ይሉታል። በችሎታው የገባ ልጅ በገንዘቡ ገባ ሲባል ከመስማት የሚከብድ ነገር የለም። ጉቦ መስጠትም መቀበልም በሕግ እንደሚያስጠይቅ ደግሞ ታውቂያለሽ።

የዕድሜው ነገር ይብሳል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ያስመረምራል። የአንጓ አጥንት ሙሉ በሙሉ ከተገጣጠመ ልጁ ከ17 እንዳለፈ ይገመታል፤ ይወድቃል። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንም ይህንኑ ይጠቀማል። ዛሬ ሁለት ዓመት ቀነሳችሁ እንበል። የዛሬ አራት ዓመት በወረቀት 17 ይሆናል፤ አጥንቱ ግን 19 ነው። ልክ ጎልብቶ፣ ታውቆ፣ ለአገር ሊመረጥ በሚችልበት ሰዓት መሣሪያው ይጥለዋል። ከዚያ በፊትም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማስረጃው፣ የልደት ካርዱ፣ የፋይዳ መታወቂያው እርስ በርስ ይጣላሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከ15 በታች ቡድን ሲገባ የአንድ የ13 ዓመት ልጅ ቦታ ይወስዳል። ያም ልጅ እህት ይኖረዋል። ያ የ20 ዓመት ሰው በወንድምሽ ላይ ያደረገውን ነው እኛ በሌላው ልጅ ላይ የምናደርገው። ለእናትሽ ይህንን ብቻ ብትነግሪያቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

አሰልጣኙን አናግሪያቸው። ከልምምድ በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ ብቻሽን ሂጂ። ወንድምሽ አይኑር። «ኮች፣ ወንድሜን ለምን አልመረጡትም ብዬ አልመጣሁም። ምን ይጎድለዋል? በሚቀጥለው ምርጫ ምን ምን ነው የሚያዩት? እስከዚያ ከልጆቹ ጋር ልምምድ ብቻ ቢሠራ ይፈቅዱለታል?» በያቸው። የእህታቸውን ልጅ ስም አታንሺ። ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። ማልያ ሳይሰጡት ልምምድ ከፈቀዱለት ግማሹን አገኘሽ። መልሳቸው «ሰውነት» ብቻ ከሆነም ቢያንስ ችሎታው ላይ ነቀፌታ እንደሌላቸው አወቅሽ።

ሁለተኛ፣ አንድ በር ብቻ አትጠብቁ። ዝምድና የሚነግሠው ከተማው ውስጥ የሚመርጠው ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን አለ፤ የስፖርት መምህሩን አናግሪ፤ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣ ልጅ በሌላ ዓይን ይታያል። የታዳጊ ፕሮጀክቶች አሉ። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሌሎች አሰልጣኞችና ሌሎች ሙከራዎች አሉ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቅዳሜና እሁድ የሚያቅት አይደለም። እዚያ ደግሞ ማንም የማንም የእህት ልጅ መሆኑን አያውቅም። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚም እግር ኳስ ያሠለጥናል፤ የምልመላ ማስታወቂያ ሲያወጣ እንዳያመልጣችሁ ተከታተሉ። ለዚህ ሁሉ የልደት ካርዱ ትክክለኛ ሆኖ መቀመጥ አለበት።

ትምህርቱን እንዳይተው። ይህን እንደ ወላጅ ተግሣጽ አትይው። የትምህርት ቤት ውድድር የሚጫወተው የተመዘገበ ተማሪ ነው። ኮሊሲንም ወደ ላይ ያወጣው ትምህርት ቤት ነው።

ሦስተኛው ለእናንተ ለቤተሰቦች ነው። ብቻሽን አቤት ብትዪ «ወንድሟ ስላልተመረጠ» ይሉሻል። ልጆቻቸው የተመረጡላቸውንም ያልተመረጡባቸውንም ወላጆች አሰባስቢ። አምስት ስድስት ሰው ይበቃል። ለከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ጻፉ። የማንንም ስም ሳትጠሩ እንዲህ ጠይቁ፦ የመምረጫው መስፈርት ከሙከራው በፊት ይለጠፍ፤ መራጮቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ የመራጭ ዘመድ ሲሞከር ያ መራጭ ይውጣ፤ የልደት ማስረጃ ይመሳከር፤ ላልተመረጡት ልጆች ምን እንደጎደላቸው ይነገራቸው። ይህ ለሐቀኛ አሰልጣኝም ይጠቅማል፤ የእህቱን ልጅ በችሎታው ሲመርጥ ማንም አያማውም። ደብዳቤውን ስታስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉና ያዙት።

ለአጎትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው። ስለ ልጁ ማሰባቸውን አክብረሽ፣ አመስግነሽ። ብር መላክ ከፈለጉ ለኮምቦልቻ መጓጓዣ፣ ለዕንቁላልና ለወተት፣ ለታኬታ ይላኩ። ታኬታውን ስትገዙ «ያድጋል» ብላችሁ አንድ ቁጥር አታስበልጡ። ሰፊ ታኬታ ተረከዝ ያቆስላል፤ ኳስም አያስመታም። በልኩ ግዙለት፣ ሲጠበው ይለወጣል።